ፎቶ የሌለው ሥራ

ካለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ወዲህ ሀገሩ ሁሉ ስለ ባሕር ያወራል። ታክሲ ውስጥ ባሕር፣ ማኪያቶ ላይ ባሕር፣ ዜና ላይ ባሕር። ይወራ፣ ክፋት የለውም። እኛ ግን ዛሬ አነስ ያለች ጥያቄ ይዘን መጥተናል፦ ለመሆኑ ያለንን የውኃ ዳርቻ ማን እየጠበቀልን ነው?

«የምን ዳርቻ?» እንዳትሉን። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻነቷን ካወጀች ወዲህ የጨው ውኃ ዳርቻ እንደሌለን እናውቃለን። ጨው የሌለው ውኃ ዳርቻ ግን ሞልቶናል። የሐይቅ ዳር አለን፣ የወንዝ ዳር አለን፤ ወለጋ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ሌላ ረግረግ አላት። ከነቀምት ወደ ምዕራብ ጊምቢን፣ ነጆን፣ ደምቢ ዶሎን ይዛችሁ ስትሄዱ ከኮረብታና ከኮረብታ መካከል ለጥ ያለ፣ ውኃ ያዘለ፣ በጋ ላይ እንኳ አረንጓዴ የሆነ ሸለቆ ታያላችሁ። የሀገሬው ሰው «ጨፌ» ይለዋል።

ጨፌን የማያውቅ የከተማ ልጅ የለም። ስሙን ባያውቀው እንኳ ረግጦታል። ለዓውደ ዓመት ሳሎን ላይ የሚጎዘጎዘው፣ ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ ሥር የሚነሰነሰው ለምለም ሣር አብቃዩ ረግረግ ነው። ኢሬቻ ላይ ከውኃው ዳር ቆመን ለምስጋና የምናነሳው ለምለምም የውኃ ዳር ልጅ ነው። እንዲያውም የክልሉን ምክር ቤት ስም አስቡት፦ ጨፌ ኦሮሚያ! የገዳ ጉባኤ ከኦዳ ጥላ ሥር፣ ከለምለም መስክ ላይ ይቀመጥ ስለነበር የመስኩ ስም ለጉባኤው ተረፈ። አንድ ረግረግ ከዚህ በላይ ምን ክብር ያግኝ? ሳሎን ገባ፣ በዓል ገባ፣ ፓርላማ ገባ።

ጠባቂው ግን የትም አልገባም። የዛሬው ወሬያችን ስለ እሱ ነው።

የወንዙ አባት

በአፋን ኦሮሞ «ለጋ» ወንዝ ነው። «አባ ለጋ» ማለት እንግዲህ የወንዙ አባት ማለት ነው። በምዕራብ ወለጋና በኢሉባቦር በአንድ ረግረግ ዙሪያ የሚኖሩ ገበሬዎች ከመካከላቸው አንዱን ይመርጡና ይህን ኃላፊነት ይሰጡታል። የመንግሥት ሠራተኛ አይደለም። ቢሮ የለውም፣ ማኅተም የለውም፣ የመኪና ነገርማ አይነሳም። እሱም እንደ ጎረቤቶቹ ገበሬ ነው።

ሥራው ምንድነው? አባ ለጋ ረግረጉን አጥሮ «ማንም እንዳይገባ!» የሚል ዘበኛ እንዳይመስላችሁ። በእነዚህ አካባቢዎች ሰው ረግረግ ላይ በቆሎ ይዘራል። በበጋው አጋማሽ ይዘራና ክረምት ላይ፣ የኮረብታው እህል ገና ሳይደርስ ጎተራው ባዶ በሆነበት ሰዓት፣ እሸቱ ይደርሳል። ለብዙ ቤተሰብ ያ በቆሎ በረሃብና በጥጋብ መካከል ያለ ድልድይ ነው። ለመዝራት ደግሞ ቦይ ቆፍሮ ውኃውን ማንጠፍ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከረው። ቦዩ ጥልቅ ከሆነ ረግረጉ ሙልጭ ብሎ ይደርቃል፤ ጥልቀት ካነሰው በቆሎው ይበሰብሳል። አንዱ ቦዩን ካልጠረገ የጎረቤቱ ማሳ በውኃ ይዋጣል። አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ ከዘራ ዝንጀሮና ከርከሮ የሚጠብቅ ሰው አይገኝም።

አባ ለጋ ይህን ሁሉ ያስማማል። ቦይ የሚጠረግበትን ቀን ይቆርጣል፣ ሰዉን ለደቦ ይጠራል፣ የጥበቃ ተራ ያወጣል፣ የቀረውን ይጠይቃል፣ ጠብ ሲነሳ ይዳኛል። ከብት ረግረጉ እርጥብ ሳለ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ምክንያቱም የከብት ኮቴ እርጥቡን አፈር ጠቅጥቆ እንደ ጡብ ያደርቀዋል።

ከዚህ በስተጀርባ ደግሞ ትልቅ ዕውቀት አለ። ለብዙ ዓመት ሲታረሱ ኖረው ያልሞቱ ረግረጎች የሚታወቁባቸው ነገሮች አሉ። የረግረጉ ራስ፣ ማለትም ምንጩ የሚፈልቅበት የላይኛው ክፍል፣ አይታረስም፤ ጨፌው እንደበቀለ ይተዋል። አዝመራው ሲነሳ ቦዩ ተመልሶ ይደፈናል፤ ውኃው ይተኛል፤ አፈሩ ያርፋል። በዓመት ሁለት ጊዜ ካልዘራን አይባልም። ዙሪያውን ያለው ዳገት ላይ ዛፉ ይቆያል። ይህን ያስተማረ ኮሌጅ የለም። በአያት በቅድመ አያት እጅ ተሞክሮ፣ ተሳስቶ፣ ታርሞ የመጣ ነው።

ረግረጉ ሲታጠብ ውሎ ሲያድር የሚሆነውም ይታወቃል። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ዓመት በቆሎው ያምራል። ቀጥሎ አፈሩ ይጠጥራል፣ ምርቱ ይወርዳል። ጨፌው አይመለስም። ከዳር ያለው ምንጭ ይቀጥናል። በመጨረሻ የሚተርፈው ከብት የሚውልበት ደረቅ ሜዳ ነው። ያኔ እንስራ ያዘለችው ሴት መንገዷ ይረዝማል፣ ጣሪያውን በጨፌ የሚከድን ደሃ ሣር ያጣል፣ ለዓውደ ዓመት ጨፌ አጭዳ ገበያ የምታወጣዋ እናት ገቢዋ ይቀራል። ደሃ የሚጎዳው ቀድሞ ነው፤ ሁልጊዜም እንደዚያው ነው።

ለምን አናውቃቸውም?

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ጋ ነው። ይህን ያህል ሥራ የሚሠራ ሰው እንዴት ሳይታወቅ ቀረ?

መልሱ ቀላል ይመስለናል። የጠባቂ ውጤቱ «ምንም አልተፈጠረም» ነው። ምንጩ አልደረቀም። የረግረጉ ራስ አልታረሰም። ከብቱ አልገባም። ያልሆነ ነገር ደግሞ ፎቶ የለውም። ችግኝ መትከል ፎቶ አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል ስንቶቻችን አካፋ ይዘን ተነሳን! ጥሩ ነበር፣ ማንም አይቃወመውም። ግን «ዛሬ በምዕራብ ወለጋ ይህን ያህል ረግረግ ሳይታረስ ዋለ» የሚል ዜና ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የተተከለው ይቆጠራል፤ የተጠበቀው አይቆጠርም።

የጣናን ነገር አስታውሱ። እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። መጤው አረም የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ሲሆን ወደ ሀገራችን ከገባ ቆይቷል፤ ቆቃና አዋሽ ላይ እ.ኤ.አ. በ1965 ተመዝግቧል። ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከኦሮሚያ የተነሱ ወጣቶች «ጣና ኬኛ» ብለው ባሕር ዳር ገቡ። ጣና የኛ ነው ማለት ነው። ከሐይቁ ገብተው አረሙን ነቀሉ፣ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበላቸው። ሀገሪቱ በዚያ ሰሞን እንደዚያ ዓይነት ዜና ምን ያህል እንደተጠማች እናንተም ታስታውሳላችሁ። ያን ቀን የሚያጣጥል ሰው ከኛ ጋር አይቀመጥም።

ነገር ግን አውቶቡሱ ተመለሰ። እምቦጭ ደግሞ አውቶቡስ አይጠብቅም፤ ሙቀትና ማዳበሪያ ያለበት ውኃ ካገኘ በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሐይቁ ውስጥ የቀረው የደምቢያ፣ የጎንደር ዙሪያ፣ የሊቦ ከምከም፣ የፎገራ ገበሬ ነው። እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ አልቅት እየመጠጠው፣ ቆዳው እያሳከከው፣ የራሱን እርሻ ጥሎ በእጁ የነቀለው እሱ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሌላ ሰፊ ዘመቻ ተጀመረ። ጥቅምት 24 የሰሜኑ ጦርነት ፈነዳ፣ የሁላችንም ዓይን ወደዚያ ዞረ። ገበሬው ግን ወዴት ይዙር? ሐይቁ ደጁ ነው።

ዘመቻ መጥፎ ነው እያልን አይደለም። ዘመቻ የሚረዳው በቦታው የሚውለውን ሰው ሲያበረታ ነው እያልን ነው። ጣና የኛ ነው ካልን፣ በምዕራብ ወለጋም «ጨፌው ኬኛ» የሚል ሰው ያስፈልጋል። እዚያ ደግሞ የሚለው ሰው ቀድሞም አለ። ድጋፍ ነው የጎደለው።

«እኔ ምን አገባኝ?» ለሚል ከተሜ

እሺ፣ ምን እንደሚያገባችሁ እንንገራችሁ። የሕዳሴው ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጣለ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። በነዚያ 14 ዓመታት ቦንድ ያልገዛ፣ ከደመወዙ ያልተቆረጠበት፣ በአጭር መልዕክት ብር ያልላከ ቤት የት አለ? ብዙዎቻችን ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ አለ። ታዲያ ዴዴሳና ዳቡስ ሁለቱም ከወለጋ በኩል ወርደው ዐባይን የሚቀላቀሉት ከግድቡ በላይ ነው። ኮረብታው ላይ የዘነበውን ዝናብ ረግረጉ እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል፣ ደለሉን እዚያው ያስቀራል፣ ውኃውን በበጋ ቀስ እያለ ይለቃል። ረግረጉ ሲጠፋ ውኃው ክረምት ላይ አፈር ተሸክሞ በአንዴ ይሮጣል፣ በጋ ላይ ይጠፋል። ስለዚህ አንድ አባ ለጋ የረግረጉን ራስ ሳያሳርስ ሲቀር የናንተን ቦንድ እየጠበቀላችሁ ነው። እናንተ የምስክር ወረቀት አላችሁ። እሱ የለውም።

ለዚህ ሩቅ ምሳሌ አያስፈልግም፤ ፊንጫ አለች። እ.ኤ.አ. በ1973 የፊንጫ ግድብ ሲጠናቀቅ በሆሮ ጉዱሩ የነበረው የጮመን ረግረግ በውኃ ተዋጠ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ የአመርቲ ወንዝ ተጠልፎ ተጨመረበትና ሐይቁ ሰፋ። መብራቱ ለሀገር ደረሰ፤ ስኳሩም ኋላ መጣ። በረግረጉ ዳር ከብቱን ሲያሰማራ የኖረው ሰው ግን ግጦሹና እርሻው ከውኃ በታች ሆነ። ሰው መኖር አለበትና ወደ ዳገቱ ወጣ፣ ዳገቱን አረሰ። ዳገት ሲታረስ አፈሩ ይወርዳል። የት ይገባል? እዚያው ግድብ ውስጥ። የውኃ ዳር ሰውን ሳይጠይቁ የተሠራ ነገር ዋጋውን የሚያስከፍለው ቀስ ብሎ ነው።

ክርክሩን እንዳንሸሸው

አንዳንድ ወዳጆቻችን ይህን ሲያነቡ «ሰው ሳይበላ ረግረግ ይጠበቅ ትላላችሁ?» እንደሚሉ እናውቃለን። ተገቢ ጥያቄ ነው። መሬት ያጣ ወጣት ከፊቱ ለም የሆነ እርጥብ ሜዳ እያየ «አትንካ» ቢባል ምን ይበል? ለዚህ ነው አባ ለጋ የሚያስፈልገው። እሱ «ነካ አድርጉ፣ አትግደሉ» የሚል ሥርዓት ይዟል። ረግረጉን በሙሉ አጠንፍፎ ለማረስ ትእዛዝ የመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ነው። በደርግ ጊዜም፣ በኋላ በኢሕአዴግ ጊዜም፣ በምግብ ራስን መቻል ስም ረግረግ ይታረስ የሚል ዘመቻ ወደ ምዕራብ ወርዷል። ዕቅዱ በሄክታር ይቆጠራል፤ የረግረጉ ራስ ይቅር የሚል የአዛውንት ቃል ግን በዕቅዱ ቅጽ ላይ ቦታ የለውም።

ሁለተኛው ክርክር የኛው የራሳችን ነው። አባ ለጋን መልአክ አናድርገው። ሥርዓቱ የወንዶች ሥርዓት ነው፣ በአብዛኛው ረግረጉ ላይ ድርሻ ያላቸው ሰዎች ሥርዓት ነው። ምንጭ የምትቀዳዋ፣ ጨፌ የምታጭደዋ ሴት ረግረጉን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ጉባኤው ላይ ግን ድምጿ ቀጭን ነው። ዕውቅና ስንሰጥ ይህንን ጭምር ካላየን ሌላ ስሟ ያልተጠራ ጠባቂ እያፈራን ነው።

ሦስተኛው ደግሞ «በፈቃዱ የሚሠራውን ሰው ለምን እንነካካዋለን? ይተው በወጉ» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጥናትም አለ። አለን ዲክሰንና አድሪያን ዉድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ምዕራብ ኢትዮጵያ የረግረግ ሥርዓቶች ያሳተሙት ጽሑፍ አንድ የሚያስገርም ነገር ይናገራል። እነዚህ የአካባቢ ሥርዓቶች ረግረግን በመጠበቅ ትልቅ ሚና አላቸው፤ ሆኖም ተሰሚነታቸው የሚጸናው ከውጭ፣ በተለይ ከአካባቢው አስተዳደር፣ ድጋፍ ሲያገኙ ነው። የፖለቲካው ነፋስ ሲለዋወጥ ደግሞ ያ ድጋፍ እየሳሳ እንዳይሄድ ሰግተዋል። በቀላል አማርኛ፦ አባ ለጋ «ቦይህን ድፈን» ሲል ቀበሌው «እውነቱን ነው» ካላለው ቃሉ ነፋስ ይሆናል። እና ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ወለጋ ያየችውን ግጭት ስንጨምርበት ነገሩ ምን ያህል እንደሚከብድ ገምቱ። መንገድ በሚዘጋበት፣ ባለሙያ በማይደርስበት ቀበሌ ረግረጉ ያለው ያው ጎረቤቱ ብቻ ነው።

ዕውቅና ማለት ምን ማለት ነው?

ስለዚህ እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው። ለነዚህ ሰዎች የሚገባቸው ዕውቅና ሥልጣን ነው። አዳራሽ ጠርቶ ጋቢ ማልበስ ደስ ይላል፤ እናልብሳቸው። በማግስቱ ግን የረግረጉ ራስ ለሆነ ሰው በሊዝ ወይም በምሪት ሲሰጥ አባ ለጋውን የሚጠይቀው ከሌለ ጋቢው ቀልድ ነው።

ሥልጣን ሲባል የሚቻል ነገር ነው። ከባሕር ዳርቻ ምሳሌ እናምጣ፣ ባሕር ባሕር ስንል ሰንብተን የለ! በኬንያ የሕንድ ውቅያኖስ ዳር፣ ጋዚ በሚባል ባሕረ ሰላጤ፣ ነዋሪዎች ከጨው ውኃ ውስጥ የሚበቅለውን የማንግሮቭ ደን ይጠብቃሉ። ማኅበራቸው ሚኮኮ ፓሞጃ ይባላል፤ በስዋሂሊ «ማንግሮቭ በአንድነት» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ 117 ሄክታር ደን በመጠበቃቸው የካርበን ክሬዲት ይሸጣሉ። ገንዘቡ ለውኃ መስመር፣ ለትምህርት ቤት ይውላል፤ በምን ላይ እንደሚውል የሚወስነው መንደሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የኢኳተር ሽልማት አገኙ። ልብ በሉ፣ ሽልማቱ የመጣው ኋላ ነው። መጀመሪያ የመጣው ውሳኔ የመስጠት መብት ነው።

የኛስ? ሦስት ነገር ይበቃናል።

አንደኛ፣ ምዝገባ። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ነቀምት ላይ ተቀምጧል፤ በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋ የሚንከራተት ተማሪ ሞልቷል። ወዳጆቻችን፣ ርዕሱ ደጃችሁ ነው! የትኛው ረግረግ አባ ለጋ አለው? ሕጉ ምን ይላል? ራሱ የት ጋ ነው? አዛውንቶቹ ሳያልፉ በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ቅድሚያ መጠየቅ። ረግረግ ሲመራ፣ ሲጠነፈፍ፣ ባሕር ዛፍ ሲተከልበት፣ ጡብ ሲቆፈርበት፣ አባ ለጋውና ውኃ የሚቀዱት ሴቶች በጉባኤ ተጠይቀው ቃላቸው ይጻፍ። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ ወንበር ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ሦስተኛ፣ የከተማው ድርሻ። ነቀምት፣ ጊምቢ፣ ሻምቡ፣ ደምቢ ዶሎ ያላችሁ፣ የምትጠጡት ውኃ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። ከላይ ማን እንዳለ ጠይቁ። ስሙን ስታገኙ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ምን እንደጎደለው ጠይቁት። ቦይ የሚደፈንበት የደቦ ቀን ካለ ደግሞ አካፋ ይዛችሁ ሂዱ፤ አካፋ መያዝ ከ2011 ጀምሮ ለምደናል።

መጪው ዓውደ ዓመት ላይ ጨፌ ሲጎዘጎዝ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ያ ሽታ የአንድ ረግረግ ሽታ ነው፤ ረግረጉም እስከዛሬ የኖረው «ይህችን አትንኩ» የሚል ሰው ስለነበረ ነው። ገና በሕይወት እያለ ቃሉ እንዲሰማ እናድርግ።

ቸር እንሰንብት።